የእትዬ ሳጥን ስትሻሻል

ሊቁ፦ ብርጭቆ ውስጥ አታድርገው አልኩህ! ሳህን ላይ!

ቀስበቀስ፦ ሳህን ላይ ይንከባለላል ጋሼ።

ሊቁ፦ ብርጭቆ ውስጥ ደግሞ ይንጫጫል። የሚንጫጫ ነገር አጠገቤ እያለ የድምፅ ሥራ አልሠራም።

ቀስበቀስ፦ አራት ብሎን ነው እኮ።

ሊቁ፦ አንተ አራት ብሎን ታያለህ፤ እኔ አራት የረብሻ ምንጭ አያለሁ። የኔና የአንተ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ቀስበቀስ፦ እሱስ ልክ ነው። እኔ የማየው ያለውን ብቻ ነው።

(ይህ ሁሉ የሚሆነው በቅዳሜ ከሰዓት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሊቁ የመጋረጃ ሱቅ ሻጭ ነው። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ሰፈሩም እየሳቀ ተቀበለው። ቀስበቀስ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ የአንድ ቤተ መጻሕፍት በር ጠባቂ ነው፤ የሚኖረው እዚሁ ቤት፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። አንድ ነገር ሦስቴ ካልነገሩት አይገባውም ስለሚባል ይህ ስም ወጣለት። ጠረጴዛው ላይ ሆዷ ተከፍቶ የተጋደመችው አምፕሊፋየር ደግሞ የእትዬ ናት፤ የሊቁ ሚስት፣ የቀስበቀስ እህት። እትዬ የተቀዳ ስብሰባ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች በጽሑፍ ትገለብጣለች። የአሁኑ ሰብሳቢ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሚያወሩ ሰው ናቸው፤ ድምፁን የምታጎላው ይህች ሳጥን ከሌለች አንድ ቃል አይያዝላቸውም። ሥራው ነገ ጠዋት ይፈለጋል። እትዬ ስትወጣ ወንድሟን በጣቷ ጠርታ፣ «ይሄ ሰው ሳጥኔን ነክቶ አንድ ነገር ብትሆን፣ ሁለታችሁንም እዚህ ቤት እንዳላያችሁ!» ብላዋለች። ቀስበቀስ ደግሞ ሌላ መግቢያ የለውም።)

ቀስበቀስ፦ ጋሼ፣ እትዬ እንዳትነካ ብላለች እኮ።

ሊቁ፦ ማን ነካት? እያሻሻልኳት ነው።

ቀስበቀስ፦ ካውያውንም ሲያሻሽሉት ነበር።

ሊቁ፦ ካውያው ምን ሆነ? ይኸው ይሞቃል!

ቀስበቀስ፦ አዎ፣ በእጀታው በኩል።

ሊቁ፦ አንተ ልጅ፣ እያወቅህ አትናገር፣ ሳታውቅም አትናገር። ይልቅ ተጠጋ። ይህች ጥቁሯ፣ ስምንት እግር ያላት ትታይሃለች?

ቀስበቀስ፦ (ወደ ኋላ እያለ) ሸረሪት ገብቶባታል እንዴ?

ሊቁ፦ አይሲ ናት! የማጉያው ልብ! ድምፁን የምታሳድገው እሷ ናት። እሷን ነቅዬ በተሻለ ልብ እተካለሁ። ይኸውልህ አዲሱ፣ ስፖንጁ ላይ።

ቀስበቀስ፦ (አንዴ ወደ ሳጥኑ፣ አንዴ ወደ ስፖንጁ እያየ) አንድ ናቸው እኮ።

ሊቁ፦ መልካቸው ነው አንድ የሆነው!

ቀስበቀስ፦ እትዬ በአሮጌው ልብ ምን ጎደለባት?

ሊቁ፦ መጉደሉን አታውቅም። እኔ ነኝ የማውቅላት። ባሏ አይደለሁም?

ቀስበቀስ፦ ኧረ ነዎት። እሷም ስትናደድ የምትለው ይህንኑ ነው።

ሊቁ፦ አይሲው ሲያልቅ ደግሞ እነዚህን በርሜል የመሰሉ ካፓሲተሮች በመበየጃው አቅልጬ አነሳቸውና በትልልቅ እተካቸዋለሁ።

(መበየጃው መስኮቱ ሥር ካለው ማከፋፈያ ሶኬት ላይ ተሰክቶ እየሞቀ ነው። የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ቀስበቀስ ሽታው ሲደርሰው ጓሮ ያለችው ክፍሉ፣ አልጋውና አንዲት ወንበሩ ዓይኑ ላይ መጡ።)

ቀስበቀስ፦ አይሲው በእጅ ተነቅሎ በእጅ ይመለሳል። እነዚህስ ከቀለጡ ይመለሳሉ?

ሊቁ፦ ለምን ይመለሳሉ? አንተ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው የምታየው።

ቀስበቀስ፦ እስቲ አይሲውን ልየው... (እጁን ሰደደ)

ሊቁ፦ እንዳትነካ! እጅህ ኤሌክትሪክ አለው!

ቀስበቀስ፦ (መዳፉን ገልብጦ እያየ) የኔ እጅ?

ሊቁ፦ ሹራብ ለብሰህ ምንጣፍ ላይ ስትንጎራደድ ይጠራቀማል። አይሲውን በነካህባት ቅጽበት ያቃጥለዋል። ሂድና የመስኮቱን ብረት ያዝ። ኤሌክትሪኩ በዚያ ይውጣልህ።

ቀስበቀስ፦ እስከ መቼ?

ሊቁ፦ ልቀቅ እስክልህ!

ቀስበቀስ፦ የእርስዎስ እጅ?

ሊቁ፦ የኔ የለመደ ነው።

(ቀስበቀስ መስኮቱ ጋ ሄዶ የፍርግርጉን ብረት በግራ እጁ ጨበጠ። ሊቁ ሹራቡን እንደለበሰ፣ ምንጣፉን በጫማው እየፈተገ፣ ጣቱን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። የተማረ ሰው ላይ ኤሌክትሪክ አይጠራቀምም መሰለኝ።)

ቀስበቀስ፦ ጋሼ፣ ሳይነቅሉት አንድ ነገር ልጠይቅ?

ሊቁ፦ ጠይቅ። ካልጠየቅህ መቼም አታውቅም።

ቀስበቀስ፦ አዲሱ መሻሉ በምን ይታወቃል?

ሊቁ፦ በጆሮ ነዋ!

ቀስበቀስ፦ በማን ጆሮ?

ሊቁ፦ በሠለጠነ ጆሮ! እኔ ልንገርህ፣ ሱቅ ውስጥ መጋረጃ ሲጎተት በድምፁ ብቻ ሐር ይሁን ናይለን አውቃለሁ።

ቀስበቀስ፦ ሳያዩት?

ሊቁ፦ ዓይኔን ጨፍኜ!

ቀስበቀስ፦ ይገርማል። እትዬ ግን... ኧረ ተዉት።

ሊቁ፦ እትዬ ምን?

ቀስበቀስ፦ ምንም አላለችም።

ሊቁ፦ ተናገር አንተ!

ቀስበቀስ፦ «ጋሼህ በስልክ እኔን ከእናቱ አይለየኝም» አለች።

ሊቁ፦ (ጣቱን ከሳጥኑ አወጣ) እንዲህ አለች? በል ቆይ! አሁን በጭፍን እንፈትነዋለን! አንተም ምስክር ትሆናለህ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። አንተ ታጠፋለህ፣ አይሲውን ትቀይራለህ፣ ታበራለህ። አንዴ ይሄ፣ አንዴ ያ። እኔ የቱ እንደገባ ቁጭ ብዬ እነግርሃለሁ። መበየጃው የትም አይሄድም፣ እስከዚያ ይሙቅ።

ቀስበቀስ፦ እኔ ልቀይር?

ሊቁ፦ በወረንጦ! ሕፃን እንኳ ይቀይረዋል። ስሰማ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል።

(ስልኩ ላይ አንድ ዘፈን እየተደጋገመ እንዲሄድ ከፈተና ከሳጥኑ ጋር አገናኘው፤ ሳጥኗንም መበየጃው ያለበት ማከፋፈያ ላይ ሰካት። የራሱን ትልቅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ወንበሩን አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፈነ። የማዳመጫው ትራስ የሚያክል ስፖንጅ ጆሮውን እስከ መንጋጋው ዋጠው።)

ቀስበቀስ፦ ጋሼ፣ እና ብረቱን ልልቀቀው?

ሊቁ፦ ...

ቀስበቀስ፦ ጋሼ! ልቀቅ አላሉኝም እኮ!

ሊቁ፦ (በጩኸት) ጀምር እንጂ!

(ቀስበቀስ ብረቱን አየ። ጠረጴዛውን አየ። ከዚህ እስከዚያ ክንዱ አይደርስም። ማከፋፈያው ግን እግሩ ሥር ነው። በትልቁ የእግር ጣቱ ማጥፊያውን ተጫነ፤ ቀጭ። ትንሽ ቆየ። እንደገና ቀጭ።)

ሊቁ፦ አሮጌው! አሮጌውን እንዳለ ተውከው፣ አንተ ተንኮለኛ! ዘፋኟ ወፍራም መጋረጃ ጀርባ ቆማ ነው የምትዘፍነው!

(ቀጭ። ቀጭ።)

ሊቁ፦ ኧረ በስመአብ! አዲሱ! መጋረጃው ተገለጠ! ነፋስ ገባ! ከበሮ መቺው በግራ በኩል ነው የተቀመጠው፤ ቁመቱ ሳይቀር ይታወቀኛል፣ አጭር ነው!

(ቀስበቀስ አንገቱን ዘርግቶ ሳጥኗን አየ። አሮጌዋ አይሲ እንደተተከለች ናት፤ አዲሷም ስፖንጇ ላይ እንደተኛች። ቀጭ። ቀጭ።)

ሊቁ፦ አሮጌውን መለስከው? ምን በደልኩህ? ጭቃ! ጭቃ ነው የምሰማው! ቀይረው፣ ጆሮዬን ሊያመኝ ነው!

(ቀጭ። ቀጭ።)

ሊቁ፦ አ-ዲ-ሱ! ዘፋኟ ልታስነጥስ ነበር፣ ዋጠችው! ሰማህ? የት ትሰማለህ አንተ!

(ቀስበቀስ እንዳይስቅ የመስኮቱን መጋረጃ ጫፍ ነክሷል። ሊቁ ማዳመጫውን አውልቆ ተነሣ። ላብ በላብ ሆኗል፤ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ በርቷል።)

ሊቁ፦ አራት በአራት! አንድም አልሳትኩም! ልክ ነኝ አይደል?

ቀስበቀስ፦ ጋሼ መቼ ተሳስተው ያውቃሉ።

ሊቁ፦ መጨረሻ ላይ የገባው አዲሱ ነው፤ ከእንግዲህ እዚያው ይኖራል። ይሄ አሮጌ ደግሞ ከዚህ ቤት ይውጣልኝ! (ስፖንጁ ላይ ያለውን አይሲ አንሥቶ በፍርግርጉ መሐል ወደ መንገድ ወረወረው)

ቀስበቀስ፦ ውይ!

ሊቁ፦ ምነው፣ አሳዘነህ?

ቀስበቀስ፦ አዎ ጋሼ። እርስዎም ኋላ ያሳዝንዎታል።

ሊቁ፦ አሁን ወደ በርሜሎቹ! ሳላሰልስ! መበየጃውን ወዲህ በል።

(ቀስበቀስ «የለም» ቢል ሊቁ ከቤት ያስወጣዋል፤ ዝም ቢል እትዬ ታስወጣዋለች። መበየጃውን በአንድ እጁ እያቀበለ ማጥፊያውን በእግር ጣቱ ቀጭ አደረገና አጥፍቶ ተወው። ሊቁ ግን ወዲያው አልጀመረም፤ በበርሜሎቹ ላይ ረጅም ትምህርት ሰጠ። በመጨረሻ የመበየጃውን ጫፍ በአንዷ በርሜል እግር ላይ ጫነ፤ ምንም የለም። ደግሞ ጫነ። ጎንበስ ብሎ እፍ አለበት።)

ሊቁ፦ ምን ዓይነት ግትር በርሜል ነው? አይቀልጥም!

ቀስበቀስ፦ አልፈልግም እያለ ይሆናል።

(በሩ ተከፈተ። እትዬ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆመች። መጀመሪያ ሳጥኗን አየች፣ ቀጥሎ ባሏን፣ መጨረሻ ላይ መስኮት ላይ የተጣበቀ ወንድሟን።)

እትዬ፦ ምንድን ነው የማየው?

ሊቁ፦ እመቤቴ! እንኳን መጣሽ! ሳጥንሽ እንደ አዲስ ተወለደች!

እትዬ፦ (ለወንድሟ) እኔ ምን ብዬህ ነው የወጣሁት? እንዲህ ታደርገኛለህ? አደራ ብዬህ?

ቀስበቀስ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ስሚያት። (ማጥፊያውን ቀጭ)

(እትዬ ማዳመጫውን አንድ ጆሮዋ ላይ ያዘች። ጥቂት ሰምታ በረጅሙ ተነፈሰች።)

እትዬ፦ ተመስገን። ያው ናት።

ሊቁ፦ ያው? ጆሮ የለሽም እንዴ? አይሲው ተቀይሯል! በጭፍን ተፈትኜ አራት በአራት አግኝቻለሁ! ምስክሬ ይኸው፤ ንገራት!

ቀስበቀስ፦ እኔ ምን እነግራታለሁ ጋሼ? ምንም አልቀየርኩም።

ሊቁ፦ ምን?

ቀስበቀስ፦ ልቀቅ እስክልህ ብረቱን እንዳትለቅ አሉኝ። ልቀቅ አላሉኝም። ይኸው አሁንም ይዣለሁ።

ሊቁ፦ አራቱንም ጊዜ?

ቀስበቀስ፦ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሌላው የእርስዎ ነው።

ሊቁ፦ ለምን አልተናገርክም!

ቀስበቀስ፦ ትንፍሽ እንዳትል አሉኝ።

ሊቁ፦ እና... አሁን የወረወርኩት?

ቀስበቀስ፦ አዲሱ ነበር። ውይ ያልኩት ለሱ ነው።

(እትዬ ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ሊቁ ደረጃውን በሩጫ ወርዶ፣ ከቆመ መኪና ሥር ተንበርክኮ፣ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ተመለሰ። አይሲው እጁ ላይ ነው፤ ከስምንት እግሩ ሁለቱ ተጣመዋል።)

ሊቁ፦ ፈተናው ውድቅ ነው! በሞኝ እጅ የተደረገ ፈተና ፈተና አይባልም! እንደገና! አሁን አንቺ ነሽ የምትቀይሪው፤ እሱ አይድረስብኝ!

እትዬ፦ (ዓይኗን እየጠረገች) እሺ። ቁጭ በል። ፊትህን አዙር። ዓይንህን ጨፍን።

ሊቁ፦ አሁን ታያላችሁ።

(ማዳመጫውን ደፋ፤ ወደ ግድግዳው ዞረ። እትዬ የማዳመጫውን ገመድ ከሳጥኗ ነቀለችና ጫፉን ምንጣፉ ላይ ለቀቀችው። ክዳኗን ገጠመች። ቀስበቀስም በእሷ ምልክት ብረቱን ለቆ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አሰራቸው። ስልኩን ዘጋች። የሥራ ማዳመጫዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ሳጥኗን ብብቷ ሥር ይዛ ወደ ክፍሏ ስታመራ ከኋላዋ ድምፅ መጣ።)

ሊቁ፦ (በጩኸት) እሽሽሽ! ቆዩ! ማንም እንዳይነካው!

(ሁለቱም ባሉበት ቀጥ አሉ።)

ሊቁ፦ አዲሱ ነው! አሁን ማንም አያታልለኝም! ዘፈኑ ሳይጀምር ያለውን ጸጥታ ሰማችሁት? ሽው የሚል ነገር የለም! እር የሚል ነገር የለም! ያ አሮጌ እኮ እንዲህ ማድረግ አይችልም! (ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንባው እየመጣ) ከእንግዲህ አንድ ቃል አልናገርም። ዝም ብዬ ልስማው።

(ደግሞም ዝም አለ።)

ቀስበቀስ፦ (በሹክሹክታ) እትዬ፣ እንንገረው እንዴ?

እትዬ፦ (በሹክሹክታ) እንዳትሞክራት! ከተጋባን ዝም ሲል ገና ዛሬ ነው፤ ሥራዬን ልሥራበት።