የጋሽ ሽብሩ ባትሪ

ድንኳን ይዞ ሜዳ የሚወጣ ሰው ከከተማው ሁካታና ከኤሌክትሪኩ የሸሸ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር፤ ከጋሽ ሽብሩ ጋር እስክወጣ ድረስ።

ጋሽ ሽብሩ ቡታጅራ ውስጥ ብየዳ ቤት ያላቸው ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈርተኛው ተሰባስቦ ከደጋማዋ የአረቅጥ ከተማ ወጣ ብሎ ድንኳን ሲተክል፣ እሳቸው ከመኪናው አንድ ባትሪ ከነሶላር ሰሌዳው እና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አወረዱ። ወዲያው ስልካችንን ይዘን ተሰለፍን።

«ምን ፈለጋችሁ?»

«ቻርጅ ነው፣ ጋሼ።»

«ይሄ ለቅቤው ነው» አሉን።

የቀለዱ መስሎን ነበር። ለካ የአረቅጥ ብርድ የክትፎውን ቅቤ እንዳያረጋባቸው ነው።

«እንጨት ብንለቅምስ?» አልኩ።

«ጭስ የገባው ቅቤ ትበላለህ?» አሉና አዘኑልኝ።

ሰማዩ ደግሞ ደመና ነው። ቀኑን ሙሉ የሶላሩን ሰሌዳ አቅፈው፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ወደ እሷ ሲዞሩ ዋሉ። ፀሐይን እንዲህ ደጅ የሚጠና ሰው አይቼ አላውቅም። እኛ ስልካችን ቻርጁ እያለቀ አንድ በአንድ ሲዘጋብን አጉረመረምን።

አመሻሽ ላይ ምድጃው ጋለ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ ለብለብ ያለው ክትፎ ቀረበ። የሁላችንም እጅ ወደ ኪስ ገባ፤ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ግን አንድም አልተረፈም። ምን እናድርግ? በላን።

ስንት ዓመት ጉራጌ አገር አስተምሬ፣ ክትፎ ሳይቀዘቅዝ የበላሁት ያን ቀን ነው።