ባሕሩስ አለ፣ ልብስ የሚጠብቅ ጠፋ

ጅዳ የምንኖር የሐበሻ ሴቶች ሁላችንም ባሕር ዳር የተነሳነው ፎቶ አለን። አትከራከሩኝ፣ ወላሂ አለን። የሚገርመው ባሕሩ ሁልጊዜ ከኋላችን መሆኑ ነው። አባያችንን አስተካክለን፣ ሻርፓችንን ነፋስ እንዳይወስደው በአንድ እጅ ይዘን፣ ለባሕሩ ጀርባችንን ሰጥተን ለስልኩ ፈገግ እንላለን። ፎቶው ወሎ ሲደርስ እናቶቻችን «ልጄ እኮ ባሕር ዳር እየተዝናናች ነው» እያሉ ለጎረቤት ያሳያሉ። ልጃቸው ግን ስንት ዓመት ሙሉ የእግሯን ጣት እንኳ አላስነካችውም።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በእኔ ግን ይብሳል፤ እኔ ዋና እችላለሁ። የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ ከደሴ አለፍ ብሎ ያለው፣ ከተማውም ውሃውም ሐይቅ የሚባለው። እዚያ ሴት ልጅ የምትዋኘው ወንዱ ሁሉ ገበያ በወጣበት ቀን ነው። ሥርዓትም አለው። አንዷ ዳር ላይ ትቀራለች፤ የሁላችንንም ልብስ ጭኗ ላይ ትከምርና ወንድ ብቅ ካለ በሳል እያስጠነቀቀች፣ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል ትጠብቃለች። ልብስ ጠባቂ ነው የምንላት። የምትጠብቀው ግን ልብሱን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከገባነው አንዷ ዘግየት ካለች አገር ይያዝልኝ ብላ የምትጮኸው እሷ ናት። ያለ ልብስ ጠባቂ ውሃ መግባቷን እናቷ የሰማችባት ልጅ፣ ከውሃው ብትተርፍ ከእናቷ አትተርፍም ነበር።

ጅዳ መጀመሪያ የገባሁት ማዳም ቤት ነው። ማዳሜ በዒድ በዒድ ወደ ኦብሁር ይዛን ትሄድና ሻሊህ ትከራያለች፤ ሻሊህ ማለት ባሕሩ ደጃፉ ድረስ የሚመጣለት የመዝናኛ ቤት ነው። እኔ ፎጣ ታቅፌ ዳር እቆማለሁ። አንድ ቀን ልጆቹ «ነይ ግቢ!» ሲሉኝ ማዳም ከወንበሯ ሳትነሳ «ሐበሻ ውሃ የት ያውቃል? ትሰምጥና ጣጣ ታመጣብኛለች» አለች። ልጆቿ ዋና ብለው የሚያደርጉትን ብታዩት! ውሃውን በጥፊ ነው የሚመቱት። ፎጣውን አጥፌ መልሼ ታቀፍኩት። እንዲህ የሰው ልብስ ስጠብቅ ዓመታት ነጎዱ።

ከማዳም ቤት ወጥቼ፣ ኑዝላ የሚባል ሰፈር ከሴቶች ጋር ክፍል ተከራይቼ፣ በየቤቱ እየዞርኩ መሥራት ስጀምር ጁምዓ ቀን የራሴ ሆነ። ያኔ ንጹሕ ውሃ ፍለጋ ወጣሁ። እንዳትደክሙ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኮርኒሹ ላይ፣ ማለት ሰው የሚንሸራሸርበት የባሕር ዳር መንገድ፣ መዋኘት ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ አለ። ሰሌዳ ያልተተከለበት ቦታ ስትሄዱ ደግሞ ለምን ሰሌዳ እንዳላስፈለገው አፍንጫችሁ ይነግራችኋል፤ የፍሳሽ ቱቦ አለ። እዚያ የሚያጠምዱ ሰዎች ዓሣውን አይበሉትም፣ ይሸጡታል። ወደ ሰሜን ያለው ውሃ ንጹሕ ነው፣ ግን አጥር አለው፤ አጥሩ በር አለው፣ በሩ ዘበኛ አለው፣ ዘበኛው ደግሞ «ከማን ጋር ነሽ?» የሚል ጥያቄ አለው። «ብቻዬን ነኝ» ብዬ ስንት ቀን ተመለስኩ።

ብፈልግ ብፈልግ አንድ ደህና ቦታ አገኘሁ። እዚያም ኢቃማ የሚባል የመኖሪያ ፈቃድ ጣጣ ተከተለኝ። ኢቃማዬን ዳር ትቼ ብገባ ሌባ አለ፤ ይዤው ብገባ ጨው አለ። ያለ ኢቃማ መንገድ ላይ ብያዝስ ለፖሊስ ምን እላለሁ? ባሕር ውስጥ ነበርኩ ልበል? ስለዚህ ኢቃማዬንና ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩና ገባሁ። ስልኬ እዚያው ሞተ። እሱስ ይሁን። ትንሽ እንደዋኘሁ ወደ ዳር ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። አሁን ብሰምጥ ማን ያውቃል አልኩ። ማዳም የቀድሞ ናት፣ በስሙ ኢቃማ ያወጣልኝ ከፊሌ መልኬን እንኳ አያስታውስ፣ የክፍሌ ልጆች «ዛሬ አመሸች» ብለው ይተኛሉ። በሐምሌ የጅዳ ባሕር ሻይ ይጣድበታል የሚባል ሙቅ ነው። እኔን ግን በረደኝ። ወጣሁ፣ ለበስኩ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ውሃ መፈለግ ተውኩና ሰው መፈለግ ጀመርኩ። እሱ ደግሞ ባሰ! ከክፍሌ ልጆች አንዷ ፀጉሯን ሐሙስ ተሠርታ ጨው ያበላሽብኛል አለች። አንዷ የጁምዓ እንቅልፏን በወርቅም አትለውጥም። አንዷማ ጂን የለከፈኝ መስሏት ትክ ብላ አየችኝና «አንቺ፣ እስቲ ቁርኣን ይቀራብሽ» አለችኝ።

የቀረችኝ ሰኣዳ ነበረች። ከሰኣዳ ጋር የተዋወቅነው መካ፣ ዑምራ በሄድኩ ጊዜ ነው። ሐረም በሚባለው ታላቁ መስጊድ ደጃፍ ጫማዬ ጠፍቶብኝ እንደ እሳት በጋለው ንጣፍ ላይ ስዘል አየችኝና የራሷን ነጠላ ጫማ አውልቃ ሰጠችኝ፤ እሷ በካልሲዋ ሄደች። የከሚሴ ልጅ ናት። እዚያው መካ፣ ኩዳይ ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የሐጃጆችን ክፍል ታጸዳለች። አመጣጧ እንደ እኔ በአውሮፕላን አይደለም፤ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግሯ ነው። ኢቃማ ያገኘችው ኋላ፣ ምሕረት ሲወጣ ነው። ስለ ጀልባው አውርታኝ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

አዲስ ስልክ ገዝቼ ነበርና ደወልኩላት። «ልብሴን ብቻ ጠብቂልኝ፤ አንቺ እግርሽንም አታርጥቢ» አልኳት። «ባሕር?» አለች። «አዎ» ስል «እሺ» አለች።

የመረጥኩት ሹአይባ ነው፤ ከመካ ወደ ባሕሩ ስትወርዱ ያለው ዳርቻ። ዘበኛ የለው፣ አጥር የለው፤ ከውሃው ሥር ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይታያል። የነቢያችን ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ መርከብ የያዙት ከዚያ ነው ይባላል። እነሱ ከዚህ ወደ እኛ ሸሹ፤ እኛ ደግሞ ይኸው ከዚያ ወደዚህ እንጎርፋለን። የኮንትራት ታክሲ የሚነዳ ጀማል የሚባል የአገራችን ልጅ እኔን ከኑዝላ፣ ሰኣዳን ከኩዳይ አንስቶ አደረሰን። ለዋና መሆኑን ስነግረው «ያ ሰላም! እህቶቼ፣ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ መኪናውን ወደ በረሃው አዙሮ፣ ፊቱን በሻርፕ ሸፍኖ ተኛ።

ሰኣዳ አባያዬን፣ ኢቃማዬንና ስልኬን የከተትኩበትን ቦርሳ ተቀብላኝ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ!

«አንቺ፣ ልብስ ጠባቂ እኮ ወደ ውሃው ነው የምታየው» አልኳት።

«ልብስሽን ጠብቂ አልሽኝ እንጂ ባሕሩን መች አልሽኝ?» አለች፤ ቦርሳዬን በሁለት እጇ ጭኗ ላይ ጨምቃ ይዛለች።

ትንሽ ቅር አለኝ። ቢሆንም ዳር ላይ ሰው አለኝ ብዬ ከነሱሪዬ ከነረጅም ሸሚዜ ገባሁ። እንዴት ልንገራችሁ? ክንዴ ምንም አልረሳም። በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ፣ ሳቅኩ፣ ብቻዬን አወራሁ። የምትጠራኝ ማዳም የለችም፣ የሚጠበቅ ፎጣ የለም። ደስታው ልቤን ሲሞላው፣ ሐይቅ እያለሁ እንደማደርገው ትንፋሼን ያዝኩና ጠለቅኩ። ታች ጸጥታ ነው። እስክጠግብ ቆየሁ።

ብቅ ስል ጩኸት ሰማሁ። ሰኣዳ ውሃው ውስጥ ናት። እስከ ደረቷ ገብታለች፤ አባያዋ ዙሪያዋን ተንሳፍፏል፣ ቦርሳዬን በአንድ እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛለች። «ዘሃራ! ዘሃራ!» ትላለች። እኔ ዘሃራ አይደለሁም። ስሜ ከዲጃ ነው።

እየዋኘሁ ደርሼ አቀፍኳት። ጀማልም በባዶ እግሩ እየሮጠ መጣ፤ ተጋግዘን አወጣናት። ቦርሳዬን ግን አትለቅም። ጀማል ውሃ ሊያመጣ ወደ መኪናው ሲመለስ «ዘሃራ ማናት?» አልኳት። የማይጠየቀውን ጠየቅኩ።

«ጀልባው ላይ አጠገቤ የነበረች ልጅ ናት» አለች። «ዳር ሳንደርስ ውረዱ ብለው እየደበደቡ ገፉን። እሷ ውሃው ወገብ ድረስ መስሏታል። ቀድሜ ልውረድና እቀበልሻለሁ፣ እስከዚያው ይቺን ያዢልኝ ብላ ፌስታሏን ሰጠችኝ። ዘለለች። እኔን ኋላ አንድ ሰው በሻሼ ጎትቶ አወጣኝ።»

«ፌስታሉስ?» አልኩ፣ ምን አፌን እንደከፈተው እንጃ።

«እኔ ጋ አለ። ኩዳይ፣ አልጋዬ ሥር። አንድ ቀሚስና ማበጠሪያ ነው። ትመጣለች ብዬ አይደለም እኮ ከዲጃ። ያዢልኝ ስላለችኝ ነው።»

ወደ ኩዳይ ስንመለስ ጀማል ቴፑን አጠፋ። እኔ ብቸኝነት ለእኔ ብቻ የተሰጠ መስሎኝ በየጁምዓው ሳለቅስ፣ እሷ ያንን አልጋዋ ሥር አድርጋ ትተኛ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መደወል ፈራሁ። ምን እላታለሁ? ባሕሩንም ተውኩት።

ሐሙስ ዕለት ሰው ቤት ሰሐን እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። ሰኣዳ ናት።

«ነገ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ያላ፣ እንሂድ። ዋና አስተምሪኝ።»

እጄ ላይ ያለውን ሰሐን አስቀመጥኩት። ደስ ማለት ሲገባኝ፣ ልማድ ክፉ ነውና «ሰኣዳዬ፣ ሁለታችንም ከገባን ዕቃውን ማን ይጠብቃል? ኢቃማው አለ፣ ስልኩ አለ...» ማለት ጀመርኩ።

«ይጥፋ» አለች።

«እንዴ! ቦርሳውስ?»

«ኻላስ፣ ከዲጃ! ዕቃ ነው። ይጥፋ።»