አልቃሿ ሉጥፊያና ባለጆሮው

ቴሌቪዥን ባለበት ግቢ ሁሉ አንድ አልቃሽ አይጠፋም። ተመራምሬ አይደለም፤ ካርቱም ውስጥ በተከራየሁበት ሁሉ ስለገጠመኝ ነው። ሌላው ሰው ፊልም ያያል፤ አልቃሹ ግን ፊልሙ ውስጥ ዘመድ አለው። የፊልሙ ሰው ሲወድቅ ደረቱን ይመታል፣ ሲነሣ ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ ማስታወቂያ ሲገባ ደግሞ ፊቱን ታጥቦ ለሚቀጥለው ሐዘን ይሰናዳል።

ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር እኖርበት በነበረው ሆሽ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዘችው ክብርት ሉጥፊያ ነበረች። ሱዳኖች ግቢን ሆሽ ይሉታል፤ የእኛው ዙሪያውን የሐበሻ ኪራይ ክፍሎች የተደረደሩበት፣ መሐሉ ላይ የሰሌን ዳስ ያለበት ነበር። ሉጥፊያ የወሎ ሰው ናት፤ ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ እያደረች ትሠራለች። ዐርብ ዕረፍቷ ስለሆነ የአገሯ ልጅ ሐምዲያ ዘንድ፣ ማለትም እኛ ሆሽ ትውላለች። ስትመጣ እንደ ሌላው እንግዳ ሙዝ ወይም ዳቦ አታንጠለጥልም። ሶፍት ይዛ ትገባለች፤ ዳሱ ሥር ፊት ለፊት ትቀመጥና "ያላ፣ ክፈቱት" ትላለች።

ቴሌቪዥኑ የጋሽ ካሳሁን ነበር። ጋሽ ካሳሁን መካኒክ ናቸው፤ ጣሪያው ላይ ዲሹን የሰቀሉትም ራሳቸው ናቸው። በዚህ ዓለም ያለ ነገር ሁሉ ወይ ይሠራል ወይ ተበላሽቷል ብለው የሚያምኑ ሰው ስለሆኑ ለሉጥፊያ እንባ የነበራቸው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ "ፊልም ነው እኮ።"

ያኔ በዲሽ ከሚመጣው ሁሉ ሆሹን ከሥራ የሚያስፈታው የጀግኖች ተከታታይ ፊልም ነበር፤ የሚበሩ ወንዶች፣ እንደ መብረቅ የሚሮጡ ሴቶች። የሚቀርበው ወደ ዐረብኛ ተመልሶ ነው። ችግሩ እኛ የምናውቀው ዐረብኛ የገበያና የሪክሻ፣ ማለትም የባጃጅ፣ ሲሆን፣ እነሱ ሕንፃ እያፈረሱ የሚናገሩት እንደ መስጊድ ስብከት የጠራ ነበር። ሉጥፊያን ይህ አላገዳትም። ፊቱን ካየሁ ይበቃኛል ትላለች። ጀግናው ጠላቱን አንሥቶ ፎቅ ላይ ሲወረውረውና እኛ ስናጨበጭብ፣ እሷ እዚያ ፎቅ ላይ የተከራዩት ሰዎች የት ሊያድሩ ነው ብላ ትጠይቃለች። ክፉው ሰውዬ ከተማ ሲያቃጥል እንኳ ልጅ ሆኖ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም ብላ ታዝንለታለች። ሐዘኑ ሲበረታ "አጥፉት፣ አልችልም" ትላለች፤ አንዱ ሊያጠፋ ሲነሣ ደግሞ "ቆይ፣ አታጥፋው።"

አንድ ዐርብ ሪክሻ ውስጥ ሆና ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች መጣች። ሱዳናዊው ባለ ሪክሻ ወርዶ በራችን ላይ ቆመና በአገሩ የለቅሶ ሥርዓት ሁለት እጁን ዘርግቶ ፋቲሐ ማንበብ ጀመረ። ሆሹ በሙሉ ወጥቶ እጁን ዘረጋ፤ እኔ የማርያም ማኅበርተኛው ሳልቀር። ጸሎቱ ሲያበቃ ጋሽ ካሳሁን ማን እንደሞተ በቀስታ ጠየቁ። የሞተው የባለክንፉ ጀግና ውሻ ነበር፤ ሉጥፊያ ጠዋት ለዕረፍቷ ከመውጣቷ በፊት የአሠሪዎቿን ልብስ ስትተኩስ አይታው ነው። ባለ ሪክሻው እጁን አወረደ። ሊቆጣ ነው ብለን ስንጠብቅ "ነጩ ውሻ?" አለና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ታዲያ በአንዱ በጋ ጣቢያው ሁለት ተከታታይ ፊልሞችን ሊያገናኝ እንደሆነ ማስታወቅ ጀመረ። ባለጆሮው እና መብረቋ ሊገናኙ ነው። ስማቸውን ያወጣንላቸው እኛ ነን። ባለጆሮው ጉልበተኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ዓለም ላይ የትም ሆኖ የሚጠራውን ሰው ድምፅ ይሰማል። መብረቋ የሌላ ፊልም ሰው ናት፤ ዓይን ሳይርገበገብ ከተማ ታቋርጣለች። ሆሹ ሁለት ቤተሰብ ሊጋባ ያለ ይመስል ተሰናዳ። ስንት ሶፍት ታስጨርስ ይሆን እያልን በሉጥፊያ ስንቀልድ ሰነበትን።

ያ ዐርብ ከሰዓት ደረሰ። ፊልሙ ላይ አንድ ትልቅ ግድብ ተሰነጠቀ። ባለጆሮው ግድቡን በጀርባው ደግፎ ቆመ፤ መብረቋ ከግድቡ ሥር ያለውን ሕዝብ እየተሸከመች ማውጣት ያዘች። በዚህ መሐል ባለጆሮው ቀና አለ። እናቱ ከሩቅ እየጠራችው ነው። አልጋ ላይ ነች፣ ብቻዋን ነች፣ ስሙን ደጋግማ ትጠራለች። ግድቡን ቢለቅ ሕዝቡ ያልቃል። መብረቋ የሌላ ፊልም ሰው ስለሆነች እናት እንዳለው እንኳ አታውቅም፤ ፊቱን አይታ ምን እየሰማህ ነው ብላ ጠየቀችው። "ምንም" አላት። ይህቺ ቃል ለሁላችንም ገባችን። ጥሪው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ቆመ። እሱ ግን አልተነቃነቀም።

ሁላችንም ወደ ሉጥፊያ ዞርን። አላለቀሰችም። ሶፍቱ ጭኗ ላይ ነው፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ስቅስቅታ የሰማነው ከሌላ በኩል ነበር፤ ጋሽ ካሳሁን ግራሶ ባለበት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሉጥፊያ ሶፍቱን ከነካርቶኑ አቀበለቻቸው።

"እሱስ ድምጿን ሰምቷል" አለች፤ ተነሥታም ወደ ሐምዲያ ክፍል ገባች።

ነገሩን ያስረዳችን ተከትላት ገብታ የወጣችው ሐምዲያ ናት። የሉጥፊያ እናት ከታመሙ ከርመዋል። ስልክ በሌለበት ገጠር ተኝተው ሉጥፊያ፣ ሉጥፊያ እያሉ ይጣራሉ፤ በዚያው ሳምንት ከአገር ቤት የመጣች ሴት ናት የነገረቻት። ሉጥፊያ በማግስቱ ለመሳፈር ተነሥታ ነበር። ነገር ግን ፓስፖርቷ የመዳሟ፣ የአሠሪዋ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባታል፤ መዳሟ ለሕክምና ካይሮ ናት፣ ቁልፉም ከእሷ ጋር ነው። ይህን ሁሉ ሉጥፊያ እስከዚያች ሰዓት ለማንም አላወራችም። ለውሻ ሆሽ ሙሉ ሰው እጅ ያስዘረጋችው ሴት የራሷን ጉዳይ ዋጥ አድርጋ ፊልም ልታይ መጥታለች።

ጋሽ ካሳሁን የዚያን ቀን ፊልሙን አልጨረሱም። ፊታቸውን ታጠቡና ሐምዲያን አገር ቤት ስልክ ያለው ዘመድ እንዳላት ጠየቋት። ወንድሟ ዛኪር ኮምቦልቻ ሱቅ አለው፤ ሱቁ ውስጥም ስልክ አለ። ወዲያው እኔ፣ እሳቸውና ሐምዲያ ስልክ ቤት ሄድን። ዛኪር መኪና ይዞ ገጠር ሊገባ፣ ለመጪው ዐርብም ሴትዮዋን ሐኪም አሳይቶ ከሱቁ ሊያደርሳቸው ቃል ሰጠ። ለሉጥፊያ ስንነግራት አመሰገነችን። ካለቀሰችማ ያን ጊዜ ነው ብዬ ነበር፤ አሁንም አላለቀሰችም። ኢንሻአላህ ብቻ አለች።

በቀጠሮው ዐርብ ስልክ ቤቱ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ሉጥፊያ የገባችበት የስልክ ክፍል በር ስለማይዘጋ እኔና ጋሽ ካሳሁን አጠገቧ ቆመናል። መስመሩ ገባ። እናትየዋ ደክመዋል ተብሎ የተነገረን ውሸት እስኪመስለን ድረስ ይጮኻሉ፤ ያለ ስልኩም ካርቱም ሊደርሱ የፈለጉ ይመስላሉ።

"አንቺ ልጅ፣ በልተሻል?"

ሉጥፊያ በልቻለሁ አለች። ሐኪሙ ምን አለሽ አለች፤ መድኃኒት እንደሰጣቸው፣ ዛኪር ቤት እንደሚሰነብቱ ነገሯት። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ መዳሟ ያወራል። ሉጥፊያ ስለ ባለጆሮው ማውራት ጀመረች። ግድቡን፣ ሕዝቡን፣ ከሩቅ የሚሰማውን የእናቱን ጥሪ፣ መብረቋን፣ "ምንም" ያላትን ሁሉ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ጋሽ ካሳሁን የስልኩን ሂሳብ ረስተው ያዳምጣሉ። ከወዲያ በኩል ደግሞ የታመሙት ሴት ለማያውቁት፣ ላላዩት ሰውዬ ድምፅ አውጥተው ማልቀስ ጀመሩ። አልቃሿ ከየት እንደተገኘች ያኔ ገባኝ።

"እናትየዋስ፣ ተሻላት?" አሉ።

ሉጥፊያ ወደ እኛ ዞር አለች። ሦስታችንም መልሱን እናውቀዋለን።

"ተሻላት" አለች። "ልጇን እየጠበቀች ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። አብሽሪ፣ እኔም እጠብቃለሁ።"

ሉጥፊያ የስልኩን እጀታ ይዛ አለቀሰች፤ የቴሌቪዥኑ ለቅሶ አልነበረም፤ ድምፅ የለውም፣ ሶፍትም አልፈለገ።

መዳሟ ተመለሰች፣ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፣ ሉጥፊያም አገሯ ገባች። እናቷን ዛኪር ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከዚያ ወዲህ ወደ ካርቱም አልተመለሰችም። እናትና ልጅ ግን አንድ ነገር ላኩብን፦ ኮምቦልቻ ዲሽ ስለሌላቸው የጀግኖቹ ነገር ከምን እንደደረሰ ማወቅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዐርብ ዐርብ ፊልሙ ሲያልቅ እኔና ጋሽ ካሳሁን ስልክ ቤት መሄድ ያዝን። እሳቸው ይተርካሉ፣ እኔ የተረሳውን እሞላለሁ። የሞተ ካለ አንነግራቸውም።