ሸክም ያደረባቸው ወጣቶች

ሰው ሁሉ ለጥ ብሎ በሚተኛበት በዚህ ዘመን እንቅልፍ ያጣ ወጣት ማግኘት ለአንዲት ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ክብር ነው። የወጣቶች ኅብረት ሰብሳቢ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ያጣውም አቀበት ላይ ላለች አንዲት መንደር ሸክም ስላደረበት ነው። ሸክም ማለት፣ ለማያውቅ ይነገረውና፣ ጫንቃ ላይ የሚወጣው አይደለም፤ ልብ ላይ የሚያርፈው ነው። የጫንቃውን ማንም ይሸከመዋል። የልቡን ግን የሚችለው ማይክራፎን የጨበጠ ሰው ብቻ ነው።

የመንደሯን ትምህርት ቤት ጣሪያ ነፋስ ገንጥሎት ነበር። ዝናብ ሳይገባ ካልተመታ ልጆቹ ቤታቸው ሊቀመጡ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ቆርቆሮ ገዛች፤ ዋናው ሽማግሌም ሰብሳቢውን ጠርተው፣ «ይህ ጣሪያ ከተመታ የወጣቶች ክፍል ኃላፊነት ያንተ ነው» አሉት። ኃላፊነቱ ቢሮ አለው፤ ቢሮው የምትሽከረከር ወንበር አለችው። ሰብሳቢው አንድ ቀን ሰው ሳያየው ቁጭ ብሎባት ዞር ዞር ብሏል፤ ከዚያ ወዲህ ልቡ እዚያው ቀርቷል። እንቅልፍ ያጣው ለማን እንደሆነ መመርመር የእኛ ፈንታ አይደለም።

እሁድ ጉባኤው ፊት ቆመና፣ «ለዚህች መንደር ሸክም ያላችሁ እጃችሁን አንሡ» አለ። እጅ እንደ ጫካ ተነሣ። ሁለቱንም ያነሣ ነበር፤ በጣም ቢከብደው ነው። ከዚያ በካኔተራው ቀለም ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ፣ ተጾመ፣ ተጸለየ፣ በመጨረሻ ቢጫ ሆነ። ጊታር፣ ድምፅ ማጉያና የየሰዉ ትራስ ተጭኖ ጉዞ ተጀመረ።

መኪናው አቀበቱ ግርጌ ቆመ። ሾፌሩ ቆርቆሮውን አራግፎ፣ «መንገዱ እዚህ ያልቃል፤ የቀረው የናንተ ነው» አለና ጥላ ፈልጎ ተኛ።

ቢጫው ሠራዊት አንዴ ቆርቆሮውን አንዴ አቀበቱን አየ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገኖች፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

«እሱ ልክ ነው» አለች ዘማሪዋ፤ «ግን እኔ ሸክሜ ለሕፃናቱ ነው እንጂ ለቆርቆሮ አይደለም።»

«እኔ ደግሞ አገልግሎቴ በጣቴ ነው። ቢቆርጠኝስ?» አለ ጊታር መቺው።

«አንተስ?» አሉት ሰብሳቢውን።

«እኔ አስተባባሪ ነኝ። እስቲ መጀመሪያ እንጸልይበት።»

ዓይን ተጨፍኖ ተጸለየ። ጸሎቱ እንደ ችግሩ ስፋት ረዘም ያለ ነበር። በዚህ መሐል የመንደሩ ሴቶች አንዲት አዛውንት የልምድ አዋላጅ አስቀድመው ወረዱ፤ የተጨፈነ ሰው መረበሽ ነውር ነው ብለው ድምፃቸውን ሳያሰሙ ቆርቆሮውን እየተሸከሙ ወጡ። ወጣቶቹ «አሜን» ብለው ዓይናቸውን ሲገልጡ ቆርቆሮው የለም። ሰብሳቢው ጸሎት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመለስ እያስረዳ ሳለ ሴቶቹ ለድምፅ ማጉያውና ለትራሱ ተመልሰው መጡ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሰብሳቢውን እግሩ ወለም አለው። አዋላጇ ጎንበስ ብለው አዘሉት።

«እማማ፣ ከበድኩዎት እንዴ?»

«ኧረ ልጄ፣ ውስጥህ ምን አለና።»

ጣሪያውን የመንደሩ ሰዎች መቱት። ወጣቶቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ከታች ሆነው በመዝሙር አበረታቱ፣ መዶሻውንም በየተራ እየተዋሱ ፎቶ ተነሡ። ዝናቡ ሳይገባ ሥራው አለቀ። ይህን መካድ አይቻልም።

የጉዞው ምስክርነት በሚሰማበት እሁድ አዋላጇ ተጋብዘው መጡ። ሽማግሌው የቢሮውን ቁልፍ በእጃቸው ይዘዋል። ሰብሳቢው ዓይኑን ከቁልፉ መንቀል አቅቶታል። ክፉ ቃል ከወጣ ወንበሯ ልትቀር ነው።

«ለቆርቆሮው እግዜር ይስጥልን» አሉ አዋላጇ። «ስለ ልጆቹ ግን እውነቱን ልናገር። ሸክም ሆነውብን ነው የሰነበቱት።»

«አሜን» አለ ጉባኤው።

«የለም፣ አልገባችሁም። በተለይ ይሄኛው። ወገቤ እስከ ዛሬ አልቀናም።»

«ሃሌ ሉያ!» አንዲት ሴት ከኋላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ጀርባዬ ላይ ነው የከረመው እያልኳችሁ እኮ ነው።»

እልልታው ቤቱን አናጋው። ሰብሳቢው ተነፈሰ። ሽማግሌው እንባቸውን ጠርገው ተነሡ።

«ወገኖች፣ ሰምታችኋል። እናት ለልጇ እንዲህ ሸክም ካደረባት፣ እኛ ማን ነንና እንለያያቸዋለን? ኃላፊነቱን ሰጥተነዋል። ቢሮው ግን ሸክሙ ባለበት ይሁን፤ ከነገ ጀምሮ እዚያው መንደር ይኖራል። ማደሪያውም እኚህ እናታችን ቤት ነው።»

«አባባ፣ ወንበሯስ?» አለ ሰብሳቢው ድምፁ እየተቆራረጠ።

«ወንበር ምን ያደርግልሃል ልጄ፤ አንተ እኮ የአቀበት ሰው ነህ» አሉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

ሰብሳቢው ማልቀስ ጀመረ። አዋላጇም እሱን አዩ፣ ወገባቸውን ያዙ፣ እሳቸውም አለቀሱ። ጉባኤው የደስታ እንባ ነው ብሎ ብድግ ብሎ አጨበጨበላቸው።