የተቃጠለው ቤት፣ የኻላ ታርጋ እና እኔ ከነማሽኔ

ወገን፣ ዛሬ የሆንኩትን ከሰማችሁ በኋላ አንፎሎው እንዳታደርጉኝ!

ላይቭ ላይ የነበራችሁ ዝም በሉ። ስክሪንሾት ያነሳችሁትን ደግሞ አላህ ይይላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ጀማል እባላለሁ። እዚህ ሪያድ፣ ሰናኢያ የሚሉት የፋብሪካ ሰፈር፣ አሉሚኒየም ፋብሪካ ነው የምሠራው። ባለፈው ወር ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ አንዲት ብረት ጠቋሚ ማሽን ገዛሁ። ረጅም ዘንግ፣ ጫፏ ላይ ክብ ሳህን፣ ብረት ስታገኝ «ጢጢጢት!» የምትል።

ለምን ገዛህ አትበሉኝ። ሰው ጁምዓ ጁምዓ ይተኛል፣ እኔ የወዳደቀ ምስማር እለቅማለሁ። ሱስ ነው በቃ!

ማሽኗን ፖስት ሳደርጋት አንዲት እህት ኢንቦክስ ጻፈችልኝ። ዘሃራ ትባላለች፣ የሐይቅ ልጅ ናት። እዚሁ ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር፣ አንዲት ሳዑዲ አሮጊት ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። «ኻላ» ነው የምትላቸው፣ አክስቴ እንደማለት።

የኻላ አሮጌ የጭቃ ቤት ከሦስት ወር በፊት በኤሌክትሪክ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ሁለቱም እዚያው ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ነው ያሉት።

«ወንድሜ፣ ኻላ ለቤቱ አንድ ቀን አላለቀሱም» ብላ ጻፈችልኝ። «ለታርጋው ግን ሁሌ ያለቅሳሉ።»

ታርጋው የሟች ባላቸው የመጀመሪያ ታክሲ ታርጋ ነው። ከውጭው በር በላይ ተሰቅሎ ነበር። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ቀና ብለው «ሰላም አለይኩም» ይሉት ነበር አሉ። ነገ ደግሞ ቡልዶዘር መጥቶ ፍርስራሹን ጠራርጎ ሊወስደው ነው።

ነገ!

«አብሽሪ እህቴ፣ አታስቢ! እኔና ማሽኔ እያለን?» አልኩ። እንዲህ ያለ ጉራ ከየት እንደሚመጣብኝ እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ኻላ ፍርስራሹን የምንቆፍርበትን ፈቃድ በልጃቸው በኩል አስጨርሰው፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዘሃራ አጠገባቸው ቆማለች። ፎቶዋን አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አልናገርም፣ እናቴም ፎሎው ታደርገኛለች።

ስልኬን ለዘሃራ ሰጥቼ ላይቭ አስገባኋት።

ገና ሳልጀምር ኻላ በምርኩዛቸው ወደ አንድ ጥግ እየጠቆሙ አንድ ነገር አሉ። ዘሃራ ተረጎመችልኝ። «በሩ ወደ ውስጥ ነው የወደቀው፣ ከሥሩ እይ እያሉህ ነው።»

«ኻላ አያስቡ! ማሽኗ ራሷ ትነግረናለች!»

ማሽኗ ነገረችን። ወላሂ መናገር አላቆመችም!

«ጢጢጢት!» ቆፈርኩ። አመድ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ፣ «ጢጢጢት!» ቆፈርኩ። ጭቃ። ጎንበስ ብዬ ስቆፍር የለም፣ ቀና ብዬ ስፈትሽ አለ። ዘጠኝ ጉድጓድ! ላቤ ጠብ ይላል፣ ሁለት መቶ ሰው ያየኛል።

እና ምን አልኩ መሰላችሁ? ካሜራውን ቀጥ ብዬ አይቼ፣ በቁም ነገር፣ «ወገን፣ ይሄ ቦታ ጂን አለበት። ብረቱን እያሸሸው ነው» አልኩ።

ዘሃራ ስልኩን ዝቅ አደረገችው።

«ወንድሜ ጀማል፣ ቀኝ እግርህን እስቲ አንሳ።»

አነሳሁ። ማሽኗ ጸጥ።

«አሁን አውርድ።»

«ጢጢጢት!»

ሴፍቲ ጫማ! ጣቱ ላይ ብረት ያለው! የፋብሪካውን ሴፍቲ ጫማ አድርጌ ነው የመጣሁት! ዘጠኝ ጉድጓድ የቆፈርኩት የገዛ እግሬን ፍለጋ ነው!

«ጂኑ አርባ ሦስት ቁጥር ነው» አለች ዘሃራ። ላይቩ በሳቅ ኢሞጂ ተጥለቀለቀ። አንዱማ «እግርህን አግኝተኸዋል፣ ማሽኑን ሽጠው» ብሎ ኮመንት ሰጠኝ።

እሷ ስትስቅ ደግሞ... ኸላስ፣ ተዉት።

ከቦርሳዋ ሸበጥ አውጥታ ሰጠችኝ። ሮዝ ነው፣ አበባ አለው። ተረከዜ ግማሹ ውጭ ነው። በዚያ ሸበጥ እንደ ዳክዬ እየተራመድኩ እንደገና ጀመርኩ። አሁን በእውነት ብረት መጣ። ማጠፊያ፣ የቲማቲም ጣሳ፣ የድስት ክዳን። ታርጋ ግን የለም።

ኻላ ሰለቻቸው። ከወንበራቸው ተነሱ። ቀስ ብለው፣ ምርኩዛቸውን እየተከሉ፣ ያን ጥግ ደረሱ። የከሰለውን በር ሦስቴ መቱት። «ያላ!» አሉን፣ ቶሎ በሉ ነው።

እኔና ዘሃራ በሩን በሁለት ጫፍ ይዘን አነሳነው።

ታርጋው በግንባሩ ተደፍቶ ተኝቷል።

ቀለሙ ተቃጥሏል፣ ጥላሸት ነው። ማንም አያነበውም። ኻላ ግን አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርጥበው እያንዳንዱን ቁጥር ዳሰሱት። በቀስታ፣ አንድ በአንድ፣ ድምፅ እያወጡ አነበቡት። ከዚያ ደረታቸው ላይ ለጠፉት። የለበሱት ጥቁር ዓባያ ነው፣ አመዱ ነጭ ሆኖ ታየበት። አላራገፉትም።

ዘሃራ ላይቩን ዘጋችው። ለዚህ ነው መጨረሻውን ያላያችሁት። እኔም አላስከፈትኩትም።

ስንወጣ ኻላ እጄን ያዙኝና ረዘም ያለ ነገር ነገሩኝ። የኔ ዐረብኛ ያላ እና ቡክራ ላይ ነው የሚያልቀው። ዘሃራን አየኋት።

«ባሌም እንዳንተ ነበር እያሉህ ነው። ታክሲ ነጂ ሆኖ መንገድ አይጠይቅም ነበር።»

አፈርኩ። አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ፣ እኔን ሳታይ፣ «ግን አርባ ዓመት አብሬው ኖርኩ» አለች።

ወገን፣ ይቺን የመጨረሻዋን ኻላ ናቸው ያሏት ወይስ ዘሃራ ከራሷ ጨመረቻት?

አልጠየቅኳትም! እዚያው አጠገቤ ቆማ ሳልጠይቃት መጥቼ፣ ይኸው አሁን እናንተን እጠይቃለሁ። ቆይ፣ እኔን ምን ይሻለኛል?