የታይፒስቷ ጣትና መድኃኒት መራጭ ኮሚቴው

ኮሚቴ ያለው መሥሪያ ቤት አይደማም ይባላል። ባይባልም እኔ ብያለሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ታይፒስታችን ጣቷን በወረቀት ጠርዝ ቆረጠች። ቁስሉ የሩዝ ፍሬ ቢያክል ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ታጥቦ፣ ፕላስተር ተለጥፎበት ይረሳ ነበር። እኛ ግን የሠለጠንን ነንና የቁስል መድኃኒት መራጭ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባል ለመሆን አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስ ግድ ስለሆነ፣ ስምንተኛ ላይ የቀረሁት እኔ ተላላኪው ወንበር አቀረብኩ። አሥራ አንድ ዓመት ወንበር ሳቀርብ አንድ ቀን ተቀመጥ ያለኝ የለም።

መድኃኒቱ እስኪመረጥ ኪቦርድ እንዳትነካ ታዘዘች። ልጅቷ ደግሞ የኮንትራት ናት፤ ውሏ ዓርብ ያበቃል፤ የማራዘሚያውን ደብዳቤ ከእሷ በቀር የሚተይበው የለም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጭረት እኮ ናት። ልጠባትና ደብዳቤዬን ልጻፍ» አለቻቸው ሰብሳቢውን።

«ጣቱስ ያንቺ ነው፣ እህቴ። ቁስሉ ግን በሥራ ሰዓት ስለደረሰ የመሥሪያ ቤቱ ነው።»

ማክሰኞ ሒሳብ ሹሙ ያላቃጠለ መድኃኒት አይደለም ብለው ለአልኮል ተከራከሩ። የግዢ ኃላፊው፣ ቀለሙ ከሩቅ ስለሚታይ ለቁጥጥር ያመቻል ብለው አዮዲን አሉ። ሰብሳቢው ቅባት መረጡ፤ የአጠቃቀም መመሪያው በአምስት ቋንቋ የተጻፈ ነውና። አንዱንም አላነበቡትም። ረቡዕ የሦስቱንም ናሙና እንዳመጣ ፋርማሲ ተላክሁ። ባለሙያዋ የቁስሉን መጠን በጥፍሬ ሳሳያት ሳቀች፤ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ይሸፈን፣ ይበቃዋል አለችኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በተላላኪ በኩል የደረሰ አሉባልታ» ተብሎ ሰፈረ።

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቅባቱ በጭብጨባ ጸደቀ። ልጅቷ ተጠራች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ጣቷን ቢያገላብጡ ቁስል የለም።

«ድኗል እኮ፣ ጋሼ። ደብዳቤዬን ልተይብ?»

«ሳይታከም የዳነ እንደዳነ አይቆጠርም» አሉና ቅባቱን ከፍተው ሊቀቧት ሲሉ ሰዓታቸውን አዩ። የሥራ ሰዓት አልቋል፤ ውሏም አብሮ አልቋል። በሐዘን ክዳኑን መለሱት። «ውሉ ባለቀ ጣት ላይ የመሥሪያ ቤት ንብረት አይቀባም።»

ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ደህና አምሹ እንኳ አላለችንም፤ እውነቷን ነው።

የታይፒስት ክፍት ቦታ ማስታወቂያ ይውጣ ተብሏል፤ የሚተይበው አልተገኘም። ቅባቱ ግን አንድ ሙሉ ካርቶን ገብቶ በክብር ተቀምጧል፤ ሕጋዊ ውል ያለው ጣት እየጠበቀ ነው።