በባለቤቴ አጀብ ሞተር የነዳሁ ቀን

ትምህርት በልጅነት ነው ሲባል፣ ብዙ ሰው የልጅ አእምሮ ቶሎ ስለሚቀበል ይመስለዋል። እኔ ምክንያቱ ሌላ ነው ባይ ነኝ። ልጅ ሲወድቅ ከመሬት ብዙም አይርቅም። ወድቆ ይነሳል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ያየውም ሰው «ልጅ አይደል» ብሎ ያልፈዋል። አርባ አራት ዓመት የሞላው፣ ክራባት የሚያስር፣ ቸርች ሲገባ ወንበር የሚለቀቅለት ሰው ግን ሲወድቅ ከሁለት ከፍታ ነው የሚወርደው፤ ከሞተሩና ከማዕረጉ። የሞተሩ ቁመት አንድ ሜትር ቢሆን ነው። የሚሰብረው የማዕረጉ ነው።

ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም ልል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከመሬት ተነስቼ ነው።

ያን ጊዜ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ነበር የምንኖረው። እኔ ጊጊሪ ካሉት የእርዳታ ቢሮዎች በአንዱ ተርጓሚ ነበርኩ፤ ሌሎች ሰዎች የጻፉትን ሪፖርት ሌሎች ሰዎች እንዲያነቡት አዘጋጃለሁ፤ አንብበውት እንደሆነ አላውቅም። ከቤቴ እስከ ቢሮዬ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም። የመኪና ጃም ሲኖር ግን (እና መቼ የለም?) መንገዱ ከሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። አንድ ጠዋት እንደተለመደው መኪናዬ ውስጥ ተገትሬ ሳለሁ፣ አንድ ባለ ሞተር ከኋላው ባለ አንድ ሰው ሶፋ ጭኖ በጎኔ አለፈ። ሶፋው ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ሰው ቢቀድመኝ ግድ የለኝም፤ ለምጄዋለሁ። የቤት ዕቃ ሲቀድመኝ ግን ነገሩን ማሰብ ጀመርኩ።

ማታውን ለባለቤቴ ለሰብለ ነገርኳት። ሰብለ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። ሞተር ማለት ለእኔ መጓጓዣ ነው፤ ለእሷ በአልጋ የሚገባ በሽተኛ ነው። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልጮኸችም። ሹካዋን አስቀመጠችና «ሥራዬን ቤት ድረስ ልታመጣልኝ ነው?» አለችኝ። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው የአሥራ አራት ዓመት ልጃችን ሊድያ ደግሞ የተጨነቀችው ለሌላ ነገር ነበር። «አባዬ፣ ፒኪፒኪ? ሲሪየስሊ? ፍሬንዶቼ ቢያዩህስ?» ፒኪፒኪ የምትለው ሞተሩን ነው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገራችን ሰው። እኔ ሄልሜቱን ቀድሜ ገዛሁ። ገዝቼም መስታወት ፊት ቆምኩ፤ መልኬን ስለሸፈነው ይሆናል፣ አማረብኝ።

ያስተማረኝ ሰው ምዋሊሙ ኦቻላ ይባላል። ምዋሊሙ ማለት መምህር ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሞተር ደብዳቤና ጥቅል ሲያደርስ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የሚቆጥብ ሰው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለ ባዶ ሜዳ እንገናኛለን። ፍሪሲዮኑን እንዴት እንደምለቅ፣ ማርሽ እንዴት እንደማስገባ በአምስት ደቂቃ አሳየኝና የቀረውን ጊዜ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ሲደጋግምልኝ ከረመ። «ሰው ወደሚያይበት ይሄዳል። ዛፉን ካየህ ዛፉ ጋ ትሄዳለህ።»

ሜዳው ላይ የነበረው ዛፍ አንድ ብቻ ነው። ያንን ከሰማሁ በኋላ ከዛፉ ሌላ የማየው ነገር ጠፋ። ሦስት ጊዜ ሄድኩበት። በሦስተኛው ቅርፊቱ ተላጠ፤ የእኔም ክርን እንደዚያው።

ስወድቅ ምዋሊሙ ቀስ ብሎ ይመጣና «ፖሌ» ይላል፤ አይዞህ ማለት ነው። ስነሳ ደግሞ «ፖሌ ፖሌ» ይላል፤ ቀስ በል ማለት ነው። በስዋሂሊ አንዱ ፖሌ ማጽናኛ፣ ሁለቱ ፖሌ ምክር መሆኑ ነው። ሁለቱን ብሰማ ኖሮ አንዱ ባላስፈለገኝ።

በሁለተኛው ወር ዛፉን ማየት ተውኩ፤ ፈተናም ቀረብኩ። ፈታኙ ፖሊስ ጠረጴዛ ላይ የተሠራች አንዲት ትንሽ ከተማ ፊት አቆመኝ። አደባባይ አላት፣ መብራት አላት፣ ሆስፒታል አላት። መጫወቻ መኪና ሰጠኝና ከገበያው ተነስቼ ሆስፒታሉ ድረስ እንዳደርሳት አዘዘኝ። እኔ ያደግሁት መንገዱ በቀኝ በሚሆንበት አገር ነው፤ ኬንያ በግራ ነው። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ፣ ግራ ግራውን ይዤ፣ በሁለት ጣቴ እየገፋሁ አደባባዩን ዞርኩ። ተመስጬ ነበር መሰል፣ ሳላስበው አፌ የሞተር ድምፅ አወጣ። ፈታኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ውጭ ወጥተን እውነተኛውን ሞተር ግቢው ጫፍ ላይ እስከቆመው በርሜል ነድቼ ተመለስኩ። አለፍኩ። ያለፍኩት በየትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሞተሯን ከዌስትላንድስ፣ ከአንድ ጋራዥ ገዛሁ። ሰማያዊ ናት፣ ያገለገለች። ሻጩ የቀድሞ ባለቤቷ ቄስ እንደነበሩና እሑድ እሑድ ብቻ ይነዷት እንደነበር ማለልኝ። ምዋሊሙ ኦቻላ ተንበርክኮ ያለቀውን ጎማ በአውራ ጣቱ ዳበሰና «እኚህ ቄስ ብዙ እሑድ ነበራቸው» አለ። ጎማዎቹን አስቀይረን ወሰድናት።

ቀጥሎ ኢንሹራንስ ነው። መኪናችንን ዋስትና የገባሁበት ቢሮ ሄድኩ። ወይዘሮ ንጄሪ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ሰው የሚያስቆጣ ጥያቄ ሲጠይቃቸው እንኳ ድምፃቸውን የማያነሱ ሴት ናቸው። ሙሉ ኢንሹራንስ ጠየቅኳቸው። ዕድሜዬን አዩ፣ መንጃ ፈቃዴ የወጣበትን ቀን አዩ፣ ቀኑ ያለፈው ሳምንት ነው። ለአዲስ ነጂ የሚሰጡት የሦስተኛ ወገን ብቻ መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ።

እንደ ተርጓሚ ቃል ካልገባኝ አላልፍም። «ሦስተኛው ወገን ማነው?» አልኳቸው።

«እርስዎ የሚገጩት ሰው ነው» አሉኝ።

«አንደኛውና ሁለተኛውስ?»

«አንደኛው እርስዎ፣ ሁለተኛው እኛ።»

«እኔን ሰው ቢገጨኝስ?»

«ያኔማ ሦስተኛው ወገን እርስዎ ይሆናሉ። የገጨዎት መኪና ኢንሹራንስ ያሳክምዎታል።»

በሁለቱም በኩል ተሸፈንኩ ማለት ነው። ሰው ብገጭም ሰው ቢገጨኝም መልስ አለው። የኢንሹራንሱን ስቲከር ለጥፌ ወደ ቤት ስገፋት (ገና መንገድ ላይ ለመንዳት አልደፈርኩም) ልቤ ሙሉ ነበር።

የመጀመሪያ ጉዞዬን ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠርኩ፤ መንገዱ ቀለል ስለሚል። ቢሮዬ ደጃፍ ደርሼ ለመመለስ ነበር ሐሳቤ። ዓርብ ማታ ሰብለ ልብሴን ስታዘጋጅ ቆይታ «ብቻህን አትሄድም» አለችኝ። መከልከሏ መስሎኝ ነበር። አይደለም። «እኔ መኪናውን ይዤ ከኋላህ እሆናለሁ። ማታቱዎቹ ከኋላ መጥተው እንዳይወጡብህ።» ማታቱ ማለት የናይሮቢ ታክሲ ነው፤ ጠባዩ ከእኛው ሚኒባስ አይለይም፣ ሙዚቃው ይበልጣል። ሰብለ እየቀለደች አልነበረም። በየሳምንቱ የምታየውን ታውቃለች። እኔም እምቢ ለማለት ምክንያት አላገኘሁም፤ ለነገሩ ደስም ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። እኔ ከፊት፣ ሄልሜቴን ደፍቼ። ሰብለ በነጯ መኪናችን ከኋላ፣ አራቱንም ፍሬቻ እያበራች። ሊድያ አጠገቧ፣ ማንም እንዳያያት እስከ አገጯ ወንበሩ ውስጥ ሰምጣ። በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር። የመንገድ ዳር ሰው ለሠርግ ይሁን ለቀብር መለየት አቃተው፤ አንድ አትክልት ሻጭ ሽማግሌ ለማንኛውም ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

መንዳቴ መጥፎ አልነበረም። ራሴን ለማሞገስ ሳይሆን፣ ነገሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ማርሹ በጊዜው ይገባል፣ ዓይኔ ሩቅ ያያል፣ ነፋሱ በሄልሜቱ ሥር አገጬን ይነካኛል። በመስታወቴ ሳይ ሰብለ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ደረቷን አስጠግታ፣ ዓይኗን ከጀርባዬ ሳትነቅል ትከተለኛለች።

ወደ ሊሙሩ መንገድ መውጫ ልንደርስ ስንል አንድ ውሃ የሚሸጥ ሰው ጄሪካን የተከመረበትን የእጅ ጋሪ እየገፋ ድንገት ፊቴ ገባ። የተማርኩትን ሁሉ አደረግሁ። ሰውየውን አላየሁም፣ ከእሱ አልፎ ያለውን መንገድ አየሁ። የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን እኩል፣ ሳልደነግጥ ያዝኩ። ከጋሪው አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ምዋሊሙ ኦቻላ ቢያየኝ ኖሮ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ይናገር ነበር ብዬ ተደሰትኩ። ደስታው አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ።

ከዚያ ባለቤቴ ገጨችኝ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ አንዳንዴ ነድተን ነው የምናደርሰው። ሰው ወደሚያይበት ይሄዳል፣ ሰብለ ደግሞ ከቤት ጀምሮ ያየችው እኔን ብቻ ነው። ናይሮቢን በሚያህል ከተማ፣ ከዚያ ሁሉ ማታቱ፣ ጭነት መኪናና የኤምባሲ መኪና መሐል፣ የነካኝ የእኛው መኪና ብቻ ነው።

በግራ ትከሻዬ አስፋልቱ ላይ ተኝቼ ሰማይ ሳይ፣ ፊቷ ከላዬ መጣ። አልጮኸችም። «እንዳትንቀሳቀስ። ሄልሜቱን እንዳትነካ» አለች፣ በሥራ ቦታ ድምፅዋ። ስሜን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቀኑን ጠየቀችኝ፣ ቅዳሜ አልኳት። «እኔ ማነኝ?» አለች። «የገጨሽኝ ነሽ» አልኳት። አእምሮዬ ደኅና መሆኑን ያኔ አወቀች መሰለኝ፣ አንገቴን እንደደገፈች ግንባሯን ሄልሜቴ ላይ ያሳረፈችው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ደኅናውን እጄን እጇ ላይ አደረግሁ።

የፈራናቸው ማታቱዎች ሁሉ ቆመው ነበር። አንዱ ረዳት ሞተሯን አንስቶ ዳር አስያዘልኝ፤ ሊድያ ስለ ፍሬንዶቿ ረስታ መንገዱ መሐል ቆማ መኪናዎቹን በእጇ ታሳልፋለች። የትራፊክ ፖሊስ በእግሩ መጣ። ማስታወሻውን አውጥቶ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው «ምዜ፣ የገጨዎትን ሰው ያውቁታል?» አለኝ።

«አሥራ ስድስት ዓመት ሆነን» አልኩት።

ሰብለን አየ፣ እኔን አየ። «ክስ ይመሠርታሉ?»

«ቤት ገብተን እንነጋገርበታለን» አልኩት። ማስታወሻውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ትከሻዬ አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። የወሰደችኝ እሷ የምትሠራበት ሆስፒታል ነው። የሚገቡት የሚወጡት ሁሉ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ሁሉም «ማነው የገጨው?» ይላሉ። ዝም ማለት ትችል ነበር። ግን ለእያንዳንዱ «እኔ ነኝ» ትላለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። አራተኛው ሰው ሲመጣ ቀደምኳትና «ባለ ጋሪ ገብቶብኝ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ያሳጠርኩት እውነት ነበር።

ክንዴ አንገቴ ላይ እንደታሰረ ወይዘሮ ንጄሪ ዘንድ ሄድኩ። አሁን እንግዲህ ሦስተኛው ወገን እኔ ነኝ። መነጽራቸውን አደረጉና ፎርሙን መሙላት ጀመሩ።

«የገጨው መኪና የማን ነው?»

«የእኔ።»

«የተገጨው ሞተርስ?»

«የእኔ።»

«የተጎዳው ሰው?»

«እኔ።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። በሁለቱም ውል አንደኛው ወገን እኔ መሆኔን፣ አንደኛ የሆነ ሰው ሦስተኛ ሊሆን እንደማይችል በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው አስረዱኝ። መኪናው በባለቤቴ ስም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር አሉ። ስታገባ ሁሉ የጋራ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ማወቅ አለባቸው። ፎርሙን በቀስታ ወደ ጎን አድርገው «ፖሌ» አሉኝ። አንዱን ፖሌ።

ትከሻዬ በሁለት ወሩ ዳነ። ሰብለ ሞተሯን ሽጥ አላለችኝም፣ ተው አላለችኝም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሞተሯን የሸፈነውን ሸራ ገልጬ ሳያት ከበረንዳው ሆና «መውጣት ከፈለግክ ችግር የለም፤ እከተልሃለሁ» አለችኝ። ከልቧ ነበር። ሸራውን መለስኩት። ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎችም እንደዚያው። ወደ ጊጊሪ በመኪና መገተሬን ቀጠልኩ፤ አንባቢ ይፍረደኝ።

ዓመት ሲሞላ ከኢንሹራንሱ ደብዳቤ መጣ። እጄ እርጥብ ስለነበር ሰብለ ከፍታ አነበበችልኝ። ውድ ደንበኛችን፣ ይላል፤ ሞተር ብስክሌትዎን ዓመቱን ሙሉ አንድም የካሳ ጥያቄ ሳያስከትሉ በከፍተኛ ጥንቃቄ በማሽከርከርዎ ድርጅታችን ምስጋናውን እየገለጸ፣ በሚቀጥለው ዓመት ክፍያዎ ላይ ቅናሽ ያደረገልዎ መሆኑን በደስታ ያስታውቃል።

ሁለተኛ ጊዜ በልቧ አነበበችው። ከዚያ አጥፋ ፖስታው ውስጥ መለሰችና፣ ፖስታው ላይ የተጻፈውን ስሜን ትንሽ ስታየው ቆይታ፣

«ይኼ ለእኔ ነው መጻፍ የነበረበት» አለች።